የሊጋባ ሰጋቱራ

ሽንፋ፣ ሰኔ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለባየሽ፤

ከሰላምታ በፊት የሰማሽውን ወሬ ላርመው። ሽቶ አልቀባሁም። ከተወለድሁ ጀምሮ ከሳሙና በቀር ገላዬን የነካ ሽታ የለም። ባል ላገባ ነው የተባለውም ሐሰት ነው። ጎረቤቴ ግራዝማች ቤቴ የገቡት ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ ሊያሳዩኝ ነው። ጊዜው ቀትር ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። ጆሯቸው ስለ ደከመ ግን ጮክ ብዬ አነጋገርኋቸው፤ ጮክ ብዬ የተናገርሁትም «እርስዎ ካላገዙኝ ይህን ክረምት ብቻዬን አልችለውም» የሚል ነው። ቦዩን ስለ መቆፈር ነው። በደጃፍ ሲያልፍ የነበረ መንገደኛ የሰማውን ተሸክሞ መተማ አደረሰው። አንቺም «እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ጻፍሽ። አሳድጌሽ፣ እንዲህ ብለሽ መጠየቅሽ ትንሽ ከፍቶኛል።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወባው ለቀቀሽ ወይ? ኪኒኑን ስለ መረረሽ ብቻ እንዳትተይው።

ቤቴ የሱዳን ሽቶ ይሸታል የተባለው ግን እውነት ነው። ከየት እንደሚመጣ አላወቅሁም። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

«ሊጋባስ ተሻለው?» ላልሽው መልሱ ረዘም ይላል። የፊተኛዋ ድመቴ ሰሊጥ መጋዘን ገብታ ለአይጥ የተደረገ መርዝ ልሳ ከሞተች ወዲህ ሊጋባን ከቤት አላስወጣውም። በክረምት ደግሞ ግቢው ዋልካ ነው፤ አንድ እግሩን አስነክቶ፣ ስሙ እንደሚገባው በኩራት ይመለሳል። ስለዚህ የሚጸዳዳው ጓዳ ባለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ምን ይደረግ? ጭንቀቴ ይህ ነው። አመድ አደረግሁለት፤ መዳፉን ሲልስ ምላሱ ቆሰለ። የማሽላ ገለባ አደረግሁለት፤ ያስነጥሰው ጀመር፤ ዓይኑ አበጠ፤ አንገቱን እስኪደማ አከከ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ድሬሰሩን ጠየቅሁት።

«እትዬ አይናዲስ፣ እኔ እኮ የማክመው ሰው ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ። ሰው እንዲህ ቢሆን ምን ትለዋለህ?»

«አለርጂ እለዋለሁ። አንድ የማይስማማው ነገር አለ ማለት ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«ያንን ነገር ማራቅ ነው። ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን በሽተኛው ነው፤ እሱን ይጠይቁት» ብሎ ሳቀ። ቢስቅም የተናገረው ትክክል ነው።

ይህን በጻፍሁልሽ ጊዜ ከእንጨት ሥራ ማኅበራችሁ ሰጋቱራ የላክሽልኝ አንቺ ነሽ። ባልሽ ይርዳውም፣ እግዜር ይስጠው፣ መንገዱ ለመኪና በተዘጋበት ጊዜ በሚነዳው የመንግሥት እርሻ ትራክተር እየጎተተ ጆንያውን ያመጣልኛል። ሰንበት ብሎም ራሱ መጥቶ ጓዳ ይገባና በወንፊት ያበጥረዋል። «እትዬ፣ አቧራው ለእርስዎ አይሆንም» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ሻካራውን ለይቶ በጆንያው መልሶ ይወስደዋል፤ የላመውን ይተውልኛል። ስታገቢው ስለ እርሱ የተናገርሁትን መልሻለሁ። ንገሪው።

ይሁን እንጂ ሊጋባ በሰጋቱራውም አልተሻለውም፤ ብሶበታል። የሽቶው ሽታም የሚመጣው ከዚያው ከጓዳ ነው። እንዲህ የሚሸት እንጨት ምንድን ነው? ጥድ ነው? የምትሰነጥቁትን አንቺ ታውቂያለሽና ጽፈሽ አስረጂኝ።

አክስትሽ አይናዲስ


ሽንፋ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለባየሽ፤

ደብዳቤሽ ቶሎ መድረሱ አስደነቀኝ፤ ሌላ ጊዜ መልስ የምትሰጪኝ እኔ ሁለተኛ ከጻፍሁ በኋላ ነው። ስለ ወባሽ አንድ ቃል የለበትም። ከዳር እስከ ዳር ስለ ሽታው ነው። ድመቱን ብትወጂው ነው ብዬ ወሰድሁት።

በየተራ ልመልስልሽ። ሽታውን መጀመሪያ ያሸተተችው መስቱራ ናት፤ የባለ አህያው የሽኩር ሚስት። ወተት ልታደርስልኝ መጥታ ከደጃፍ ቆመችና «እትዬ፣ ዛሬ ሙሽራ ሆነዋል!» አለችኝ። ወሬው የተነሣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ክፋት ግን የለባትም። ለማን ነግራለች ላልሽው፣ አልጠየቅኋትም። ብትነግርስ ምን ይጎዳል?

ኬላው ላይ ያስቸገረ ሰው አለ ወይ ላልሽው፣ የለም። ይርዳው ትራክተሩን ከኬላው ወዲያ ማዶ አቁሞ ጆንያውን ለሽኩር ያስረክበዋል፤ ጭቃ ይይዘኛል ይላል። ሽኩር በዚህ ሲስቅ አይጣል ነው። «ትራክተር የፈራውን ጭቃ የእኔ አህያ ትሻገረዋለች። መንጃ ፈቃዱን ለእሷ ይስጣት!» ይላል። የኬላው ኃላፊ ዋሴ ነው፤ አስተምሬዋለሁ፤ ታስታውሽው እንደሆነ ከፊትሽ ይቀመጥ የነበረው ዘንካታ ልጅ። ሽኩር የነገረኝን እንዳለ ልጻፍልሽ።

«ጓድ ሽኩር፣ ምን ጭነሃል?»

«የእትዬ አይናዲስን ሰጋቱራ።»

«ድመቱ አሁንም አልዳነም? ስሙ ነው ያሳመመው። በዚህ ዘመን ሊጋባ ተብሎ ማን ጤና ያገኛል? ጓድ በሉት፣ ነገውኑ ይነሣል። እለፍ!»

የሌላውን ሰው ጆንያ በብረት ዘንግ ይወጋሉ። የእኔን አይነኩም። ይህ ደስ ስላላለኝ «የእኔ ነው ተብሎ ፍተሻ አይቅር» ብዬ ለዋሴ ላክሁበት። «እርስዎን ፈትሼ ማንን ላምን ነው?» ብሎ መለሰልኝ። ልጅነቱን አስታውሼ ተውሁት።

የመተማው የእንስሳት ሐኪም «እስኪለምደው ነው፤ ሰጋቱራው አይቋረጥ» ማለቱን ከነስሙ ስለ ጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪም ካለ እታዘዛለሁ። ግን አሁን ሲተነፍስ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። በተለይ አዲስ ጆንያ በገባ ሰሞን ነው። ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው።

አክስትሽ አይናዲስ


መተማ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1976 ዓ.ም.

በእናቴ ፋንታ ለማይዎት ለእትዬ አይናዲስ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ይርዳው እጅ ይነሳል። ከእርስዎ ቤት በመጣ ቁጥር የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው፤ «እትዬ ዛሬ ደግሞ አነጋገሬን አረሙኝ» ይለኛል።

ስለ ሽታው አያስቡ። ቫርኒሽ ነው። ማኅበሩ ውስጥ ቁም ሣጥን ስንቀባ መሬት የፈሰሰው ከሰጋቱራው ጋር ይጠረጋል። ሰው ቢጠይቅዎ እንዲሁ ይበሉ፤ ቫርኒሽ ነው። ሐኪሙንም ጠየቅሁት፤ አሸዋ ለድመት ሳንባ ክፉ ነው አለ። እባክዎን አሸዋ የሚባል እንዳይሞክሩ።

ደግሞ አደራ፣ ይርዳው ሳያበጥረው ጆንያውን አይንኩት። ስንጥር አለበት፤ እጅዎን ይወጋዎታል። እዚህ ሆኜ ስለ እጅዎ ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ቀን አለ።

ልጅዎ ባየሽ


ሽንፋ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለባየሽ፤

ስለ እጄ ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። እጄ ደህና ነው።

አሸዋ እንዳልሞክር ነግረሽኝ ነበር። አሸዋ የሚል ቃል እኔ በደብዳቤዬ አልጻፍሁም ነበር፤ ሐኪሙ ከየት አምጥቶ እንደ ከለከለኝ ሳስብ፣ ለምን አልሞክረውም አልሁ። ሽኩር ከሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ሙላቱ ካልደረሰበት ከፍታ፣ አንድ ጭነት አመጣልኝ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አጠብሁት። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ሁሉ በቆርቆሮ ላይ እያሰጣሁ አደረቅሁት። ከዚያ ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን አኖርሁ፤ በአንዱ አሸዋ፣ በአንዱ ሰጋቱራ። ድሬሰሩ እንዳለው በሽተኛውን ጠየቅሁት።

ሊጋባ ሰጋቱራውን ከሩቅ አሽትቶ አስነጠሰ። ወደ አሸዋው ዞረ፤ በእግሩ ቆፈረ፤ ተጸዳዳ፤ ሸፈነ፤ ጨዋ እንደሚያደርገው። ሰጋቱራውን ከነሣጥኑ አወጣሁት። ዛሬ ዓይኑ ተገልጧል። አንገቱ ጠጉር አብቅሏል። ፉጨቱ ጠፍቷል። ስለዚህ ሰጋቱራው ይብቃ። በቃ የምለው ከምስጋና ጋር ነው።

ቫርኒሽ ነው ላልሽው፣ ቫርኒሽ አውቃለሁ። በተማርሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ጠረጴዛውን የምንቀባው እኛ ነበርን። ይህ ቫርኒሽ አይደለም።

ለሐኪሙም ምክሩ ባይሳካም ስለ ድካሙ አመስግኜ ጻፍሁለት። «በዚህ ስም የሚጠራ ሐኪም መተማ የለም፤ የእንስሳት ሐኪምም ከመጣ ዘመን ሆኖታል» ተብሎ ተመለሰልኝ። ስሙን አሳስተሽ ይሆናል። ትክክለኛውን ላኪልኝ።

ይርዳውን ከእንግዲህ አታምጣ ብዬዋለሁ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ሊጋባን ብቻ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ለድመቱ ባይሆን ለእኔ ሲሉ ይቀበሉኝ፣ እትዬ» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ሰጋቱራ ለምንህ ነው?»

ቆቡን አደረገና ወጣ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም፤ ትናንት ሌላ ጆንያ መጥቷል። ሽኩርን ይህ የመጨረሻው ነው፣ ሁለተኛ እንዳትቀበል ብዬዋለሁ። ጆንያው ጓዳ ቆሟል፤ ሊጋባ በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል። እኔ ደግሞ ሳይበጠር የተቀመጠ ነገር አልወድም። መነጽሬን ጠርጌአለሁ። ወንፊቱንም አውርጃለሁ። ዝናቡ ሲያባራ በሩን ከፍቼ በብርሃን እኔው አበጥረዋለሁ።

አይናዲስ


መተማ፣ መስከረም 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

የላኩልኝ ደርሶኛል። አንድ ቃል ሳይጽፉ፣ የብልቃጥ ክዳን ብቻ በወረቀት ጠቅልለው! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መምጣት ነበረብኝ፤ ዓይንዎን ፈርቼ ቀረሁ።

እትዬ፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ሽቶ ነው እንጂ ጥይት አይደለም። ከሱዳን፣ ከገላባት ተሻግሮ ይመጣል፤ ይርዳው ሻካራው ነው እያለ ከእርስዎ ቤት ያወጣዋል፤ ከዚያ በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ይርዳው የመጨረሻ ነው ብሎኝ ነበር። ለአብዮቱ በዓል ኬላው ላይ አዲስ ፈታሾች መምጣታቸውን ማን ያውቃል? ሽኩርም የተያዘው ክፉ ዕድል ገጥሞት ነው።

አሁን እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ዋሴ የምስክርነት ወረቀት ያመጣልዎታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይፈርሙለት። ሽኩር በስሜ ነግዷል ይበሉ፣ ይበቃል። እሱ ሸክም ተሸካሚ ነው፤ ገሥፀው ይለቁታል። እኛን ግን የኢኮኖሚ አሻጥር ይሉናል፤ ይርዳው የሚነዳው የመንግሥት ትራክተር ነው፤ በምን እንደሚጨርሱት ያውቃሉ። እርስዎ ከተናገሩ ሁሉም ያምናል። ከእኔና ከአንድ ባለ አህያ ማን ይበልጥብዎታል? ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።

ይህን አንብበው ያቃጥሉት።

ባየሽ


ሽንፋ፣ መስከረም 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ባየሽ፤

ይህን ስጀምር ከልማድ የተነሣ ሰላምታ ጽፌ ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ጀመርሁ።

ደብዳቤሽን አላቃጠልሁም። በዚህ ቤት ወረቀት አይቃጠልም፤ ይህንን ስትማሪበት ታውቂ ነበር።

ሽኩር ክፉ ዕድል ገጠመው ብለሻል። የገጠመው ዕድል አይደለም፤ ባልሽ ነው። እኔ አትቀበል ብዬው ስለ ነበር ሽኩር አዲሱን ጆንያ አልነካም ብሎ ነበር። ይርዳው ምን እንዳለው መስቱራ ነግራኛለች፤ «እትዬ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። አሸዋው አልተስማማውም፤ ድመቱ ሊሞት ነው፤ ቶሎ አድርስላቸው» አለው። ሽኩርም ሊጋባ እንዳይሞት ሲል በዝናብ አህዮቹን እየነዳ ሮጠ። አዲሶቹ ፈታሾች ዘንጋቸውን ሲሰዱበት ብልቃጥ ተሰበረ። «የእትዬ ድመት ሰጋቱራ ነው» ሲላቸው ሳቁበት። ደጋግሞ ስላለው መትተው አሰሩት። ገሥፀው ይለቁታል ላልሽው መልሱ ይህ ነው።

ዋሴ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ።

«እትዬ፣ ጆንያው በስምዎ ነው። ያለ ፍተሻ ያሳለፍሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሽኩር ስምዎን ሠርቆ ነግዷል ብለው ይፈርሙልኝ። እርስዎም እኔም እንድናለን።»

«ሽኩር ሠርቷል ብለህ ታምናለህ?»

«እኔ የማምነው እርስዎ የሚሉትን ነው።»

«የጠየቅሁህ ይህን አይደለም፣ ዋሴ።»

ወረቀቱን አጥፎ የአንድ ቀን ጊዜ ሰጠኝ።

ከእርሱ በኋላ መስቱራ መጣች። ወተቱን ይዛ ነው የመጣችው፤ ባሏ ታስሮ የእኔን ወተት አላጓደለችም። አላለቀሰችም፤ አልለመነችኝም። «እርስዎ እንደሆኑ ሐሰት አያውቁም። እርስዎ ያሉትን ማንም አይመልሰውም» ብላኝ ማሰሮዋን አንሥታ ሄደች። አንቺም «እርስዎ ከተናገሩ ሁሉም ያምናል» ብለሽኛል። ሁለታችሁ ያላችሁኝ አንድ ነገር ነው። እርስዋ ያለችው ባሏን እንዳድንላት፣ አንቺ ያልሽው እንድቀብረው ነው።

ከአንቺና ከባለ አህያው ማን ይበልጥብኛል? አንቺ ትበልጪብኛለሽ። ይህን ለመካድ አልሞክርም። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ ከአንቺ የበለጠብኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ለዚህ ነው የምትይው ሁሉ የገባኝ፤ ለዚህም ነው ይህ ቤት ዛሬ እንዲህ የጠበበኝ።

ቤቴን መጋዘን ማድረጋችሁ ያሳዝናል፤ ይታለፋል። በስሜ ኬላ መሻገራችሁም ያዋርዳል፤ ነገ አስተካክለዋለሁ። የማላልፈው ሌላ ነው። ድመቴ አየር አጥሮት ሲያፏጭ፣ አንገቱ ሲደማ፣ ዓይኑ ሲዘጋ በየደብዳቤው ጻፍሁልሽ። ከባልሽ በቀር ምክንያቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንድ መስመር ይበቃ ነበር፤ «ይተዉት» ብቻ። አንቺ ግን ተቀምጠሽ፣ ብዕር ይዘሽ፣ የሌለ ሐኪም ፈጥረሽ «ይለምደዋል» አልሽኝ። የሚያድነውን አሸዋ በስም ጠርተሽ ከለከልሽኝ። እኔም ሐኪም አለ ብዬ ታዘዝሁ፤ በገዛ እጄ በየሳምንቱ ሣጥኑን በመርዝ ሞላሁት፤ ሲያስነጥስ አንገቱን እያሻሸሁ «ታገሥ፣ ባየሽ ጠይቃልሃለች» እለው ነበር።

ለእንስሳ ነው እንዲህ የምትሆኚው ትዪኝ ይሆናል። እንስሳው ላይ የቻልሽውን ሽኩር ላይም ቻልሽው። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ የሄድሽው መንገድ ይህ ነው፤ እኔ ደግሞ በየእርምጃው አመስጋኝ ነበርሁ።

«ስለ እጅዎ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ» ያልሽውን ደብዳቤ አውጥቼ ደግሜ አነበብሁት። እውነት የሆነ ቃል ይኖርበት እንደሆነ ፈለግሁ። ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ ብለሻል። የትኛው ግማሽ እውነት እንደሆነ አላወቅሁም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የእርሻው ነዳጅ ጫኝ ነው። ከቀትር በፊት ይነሣል፤ መንገዱ ስለ ደረቀ ማምሻውን ይደርስሻል። እኔ የምሄደው ጠዋት ነው። ዛሬ መሄድ እችል ነበር። ለምን ነገ እንዳልሁ አትጠይቂኝ። ወደ ሽንፋ የሚመጣውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ መጥተሽ ከጎኔ ብትቆሚ እጅሽን እይዛለሁ። ወደ ገላባት የሚያሻግረውንም ታውቂዋለሽ። ከሁለቱ ለአንዱ የሚሆን አንድ ሌሊት አለሽ። ከዚህ በላይ የምሰጥሽ የለኝም፤ ይህም ራሱ ከሽኩር ላይ የተወሰደ አንድ ሌሊት ነው።

ነገ መጀመሪያ የሊጋባን ሣጥን እደፋለሁ። የታጠበ አሸዋ እሞላለታለሁ፤ በርከት አድርጌ፣ ምናልባት ቶሎ ካልተመለስሁ። ውሃውን አኖራለሁ። ለመስቱራ ቁልፉን እሰጣታለሁ፤ አመድም ገለባም እንዳታደርግለት እነግራታለሁ። ከዚያ ጓዳ ያሉትን ብልቃጦች፣ ሰጋቱራው እንዳለ፣ ወደ ጆንያው እመልሳለሁ፤ ክዳን የሌለውን ለብቻው እይዘዋለሁ። ነጠላዬን እለብሳለሁ። ጆንያውን በሽኩር አህያ አስጭኜ እሄዳለሁ። ኬላው ጋ ስደርስ ዋሴን አስቀድሜ ፈትሸኝ እለዋለሁ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ የሽኩርን ስም ሰርዤ «የተቀበልሁት እኔ ነኝ» ብዬ እጽፋለሁ። «የላከውስ ማን ነው?» ሲለኝ፣ ሁለተኛ እንዳይጠይቀኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ስምሽን ከነአባትሽ እነግረዋለሁ።

አይናዲስ